ፕሮሰሰሩን ተዉትና ሶኬቱን አሳዩኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፣ ከፒያሳ ብዙም ሳልርቅ። ሥራዬ ሂሳብ ነው። አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ ቤት ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር እቆጥራለሁ፣ ያውም በወረቀት ላይ። ታዲያ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራውም እኔው ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም። አንድ ቀን ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር አስተፋሁ፣ በዚያው ቀረሁ።

ሰሞኑን ድርጅቶች ስለሚገዙት ሰርቨር፣ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ስለሚጋሩት ዋና ማሽን፣ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ክፉ አልወጣኝም። ባጭሩ «ጠንካራ ፕሮሰሰር፣ ብዙ ራም ያለውን ግዙ» ይላል፤ የሚያስበውንና ለጊዜው የሚያስታውሰውን ክፍል ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ትልቅ ሕንጻ ላይ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ጄኔሬተር ላለው ቢሮ ይሁን ግድ የለም። ለእኛ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። እዚህ ሰርቨር በፕሮሰሰር ማነስ ሲሞት አላየሁም። የሚሞተው በመብራት ነው፣ በአቧራ ነው፣ ደግሞ ሲሞት አጠገቡ ሰው ባለመኖሩ ነው።

ወረፋ ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔም ለደንበኛ ብዬዋለሁ፣ አልዋሽም። አባባላችንን ለሰማ ሲስተም የሚባለው ነገር ሰማይ ቤት ያለ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም ጠረጴዛ ስር የተቀመጠች አንዲት ሳጥን ናት።

የእኛዋ ጠረጴዛ ስር ነበረች። ተራ ዴስክቶፕ። «ሰርቨር ነው፣ አይነቀልም!!» ብዬ በማርከር የጻፍኩበት ወረቀት ለጥፌባት ነበር። ቡና የምታፈላልን እህታችን ማንበቡ ላይ ችግር የለባትም። ችግሩ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በ2016 ሰኔ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ግማሹ ሰው ጁምዓ ሄዶ ቢሮው ጭር ባለበት ሰዓት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ሰርቨሯ የተሰካችበት ዲቫይደር ላይ ሰካችው። ዲቫይደሩ ሸተተ። መብራቱ ድርግም አለ፣ መጣ፣ ደግሞ ድርግም አለ። ሦስት ጊዜ። ቡናው ቶና ላይ ሳይደርስ ዲስኩ አለቀለት። የሂሳብ ፋይሉ አይከፈትም። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ኮፒ ያልነው ደግሞ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሆኖ ተገኘ። የሁለት ሳምንቱን ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ጥቅልል ወረቀት ላይ እያነበብን በእጃችን መልሰን አስገባነው። እህታችንን ማንም አልተናገራትም፤ ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ሰርቨርና ምድጃ አንድ ዲቫይደር ላይ ያጎራበተው ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ሐጂ መጡ። አለቃችን ናቸው። መጀመሪያ ዴስክቶፗን አዩአት፣ ቀጥለው እኔን። «የሚባለውን ግዛ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እሳቸው ሲቆጡ ነው ቃል የሚያሳጥሩት።

እኔም ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። ሦስቱም ላይ በደማቁ የተጻፈው ያው ነው፤ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ይህን ያህል ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የማስሊያ ክፍሎች)፣ ይህን ያህል ጊጋ ራም። ስለ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ ስለሚያከፋፍለው ክፍል፣ ያነሳው አንዱ ብቻ ነበር። እሱም «1» ይላል። እኔ ሳመነታ ሐምሌ 22 ደረሰ፣ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ፣ ፕሮፎርማዎቹ በሙሉ ተሻሩ። ሐጂ እስከ ዛሬ ድረስ ያነሱብኛል። እሳቸው ይናደዱ እንጂ ያ መዘግየት ለእኔ በጀኝ፤ በመሃል አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ የሚያውቁ ልጆችንም ጠየቅኩ፣ የመጀመሪያውን ፕሮፎርማ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ጉድ እገዛ እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው።

በኋላ የገዛነው ራክ ሰርቨር የሚባለውን ነው፤ ላላየው ሰው፣ ጠፍጣፋ ብረት ነው። እንደ ዴስክቶፕ አይቆምም፤ እንደ መሳቢያ ካቢኔ ውስጥ ይገባል። ካቢኔው የሚቀበለው ስፋት በዓለም ላይ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ 19 ኢንች፣ ወደ 48 ሳንቲ ሜትር። ከጥንት የስልክ ጣቢያ መሣሪያዎች የተወረሰ ልክ ነው ይላሉ። ውፍረቱ ደግሞ በ«ዩ» ይቆጠራል። 1ዩ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ትልቁ የተለመደ ካቢኔ 42ዩ ይይዛል። ይህን ያህል ስለ ልክ ያወራሁት በኋላ የሚያስቀኝ ነገር ስላለ ነው።

አንድ ዩ ወይስ ሁለት ዩ? ለእኛ ዓይነት ቤት ሁለት ዩ። ባለ አንድ ዩው ቀጭን ስለሆነ በውስጡ ያሉት ፋኖች ትናንሽ ናቸው፤ ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት በጣም መፍጠን አለበት፣ ሲፈጥን ደግሞ ይጮኻል። አዲስ አበባ አንዱን አስነስተው ሲያሳዩኝ ኮምቦልቻ ኤርፖርት አውሮፕላን የሚነሳ መሰለኝ። እውነት ነው ከደቂቃ በኋላ ይረጋጋል፣ ግን የእኛ ቢሮ ውስጥ ሰርቨሩና ሰው የሚለያዩት በአንድ ስስ ችፑድ ነው። ባለ ሁለት ዩው ፋኑ ተለቅ ይላል፣ ድምፁም ይታገሡታል፣ የዲስክ ቦታውም ይበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰርቨር ስትገዙ መጀመሪያ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለው? ጥሩ ሰርቨር ሁለት አለው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ብቻውን ይሸከማል፣ የሞተውንም ማሽኑ እየሠራ ነቅላችሁ በአዲስ ትተካላችሁ። የዴል ፓወርኤጅ አር740 ይሁን የኤችፒ ፕሮላያንት ዲኤል380፣ ሁለቱም ለሁለት ፓወር ሰፕላይ ቦታ አላቸው። ሻጩ ግን ዋጋ ለማሳነስ አንዱን አውጥቶ ቦታውን በክዳን ይሸፍነዋል። ፕሮፎርማው ላይ «1» የሚለው ይኸው ነው።

ሁለት ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ! አላጋነንኩም፣ እንዲህ የተሰካ አይቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ባለ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ምርጥ ሰርቨር ገዝቶ ሁለቱንም ገመድ አንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ አስክቶታል። ዲቫይደሩ ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ሄዱ። የእኛው አንዱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ሳጥን) ላይ ነው፣ ሌላው በስታቢላይዘር በኩል ግድግዳው ላይ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይይዘዋል። ዩፒኤሱ ራሱ ሲያብድ ደግሞ፣ እነሱም ያብዳሉና፣ ግድግዳው ይይዘዋል።

ስለ ዩፒኤስ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ 650 ዋት አይችልም። ከ400 ዋት በታች የሚሸከሙ ናቸው አብዛኞቹ። ለአንድ ዴስክቶፕ ነው የተሠሩት። ከዚያም የርካሾቹ ዩፒኤሶች መብራት ሲሄድ የሚያወጡት ኃይል ሞገዱ የተቆራረጠ ነው፤ ዴስክቶፕ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ግን አንዳንዱ አይቀበለውም፣ ልክ መብራት ሲሄድ፣ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ድርግም ይላል። ስትገዙ «ፒዩር ሳይን ዌቭ ነው ወይ?»፣ ማለትም ሞገዱ ያልተቆራረጠ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ጥያቄውን ካልገባው ሌላ ሱቅ ሂዱ። ደግሞ ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር በኬብል መነጋገር አለበት፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ በሥርዓት ራሱን እንዲዘጋ። ያለዚያ ዩፒኤስ ማለት ሞትን አሥር ደቂቃ ማዘግየት ብቻ ነው።

ከዚያ መብራት ይመለሳል። እዚህ አገር መብራት አንዴ ብቻ አይመለስም፤ ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሰርቨሮች ላይ መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳ፣ ግን ትንሽ ቆይቶ ይነሳ የሚል ሴቲንግ አለ። ነጻ ነው፣ ይከፈልበታል አላልኩም። አንድ ቀን ከሰዓት አምስት ደቂቃ ወስዶ ማስተካከል ብቻ ነው። ይህችን ሴቲንግ ካስተካከልኩ ወዲህ ሰኞ ጠዋት ከበሩ ላይ «ተነስቷል?» ተብዬ አላውቅም።

ዲስክ። ሰርቨር ላይ ዲስኩ ከፊት ነው ያለው፣ በመሳቢያ ዓይነት፣ ማሽኑ ሳይጠፋ ይወጣል ይገባል። እኛ አራት አሉን፣ እያንዳንዳቸው 2 ቴራባይት። ሬይድ ማለት ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ቢሞት መረጃው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። አራቱን በሬይድ 5 ብታደርጓቸው 6 ቴራ ይሰጣችኋል፣ አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል። በሬይድ 10 ከሆነ ዲስኮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሚሆን 4 ቴራ ብቻ። እኔ ሬይድ 10ን መረጥኩ። ሐጂ «ስምንት ገዝተን አራት?» አሉ። ነጋዴ ናቸው፣ እውነታቸውን ነው። ግን የሬይድ 5 ዲስክ ሲተካ አዲሱን ለመሙላት የቀሩት ሁሉ ለረጅም ሰዓት ይለፋሉ፣ በዚያ መሃል መብራት ቢያንገላታውና ሁለተኛው ቢወድቅ ሁሉም አበቃ። በሬይድ 10 ጥንዱ ዲስክ ብቻ ነው የሚገለበጠው። እንደ አገሩ መወሰን ነው።

ይህን ያስረዳኋቸው በቃል ነበር፣ አልገባቸውም። የገባቸው ባለፈው ጥር ነው። ጠዋት ገብቼ ሳይ ከአራቱ የሦስተኛው ዲስክ መብራት ብርቱካናማ ሆናለች። ሐጂን ጠራኋቸው። ከመሳቢያዬ መጠባበቂያውን አወጣሁ፣ የሞተውን ጫን ብዬ አስለቀቅኩና ሳብኩት፣ አዲሱን ገፋሁት፣ ቋ አለ። ከጀርባችን ካሸሯ ደረሰኝ እያተመች ነው። ማንም ሥራ አላቆመም። ሐጂ የወጣውን ዲስክ ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት፤ «ይቺ ናት ያቺን ዓርብ ያስለቀሰችን?» አሉ። አዎ፣ እንዲህ ዓይነቷ ናት አልኳቸው።

መጠባበቂያውን ከመጀመሪያው ነው የገዛሁት። ደሴ ላይ ላፕቶፕ ዲስክ ሞልቷል፣ የሰርቨር ዲስክ ግን ከእነ መያዣው ለማግኘት አዲስ አበባ መላክ አለባችሁ፣ 400 ኪሎ ሜትር። ያገለገለ ሰርቨር ለምትገዙ በተለይ፤ የዲስኩን መያዣ ብረት ቁጠሩ። ስምንት ቦታ ያለው ማሽን አራት መያዣ ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ለቀሪው በኋላ ትለምናላችሁ።

ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድም የራሱ ትንሽ ባትሪ እንዳለው ጠይቁ። ካርዱ ገና ዲስክ ላይ ያልሰፈረ ጽሑፍ ለጊዜው ይይዛል። መብራት ከሄደ ያንን የሚጠብቀው ያ ባትሪ ነው። ባገለገሉት ላይ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይገኛል፣ እንደ ሰዓት ባትሪ።

ሬይድ ግን ባክአፕ አይደለም። ይህንን የተማርነው በመጥፎ መንገድ ነው። በ2014 ጥቅምት በጦርነቱ ከተማዋን ለቀን ስንወጣ ማን ስለ ኮምፒውተር ያስባል? ያኔም ሰርቨር የምንለው ዴስክቶፕ ነበረን። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ኮፒ ኮምቦልቻ ቅርንጫፋችን አስቀምጫለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስንመለስ ደሴም ባዶ፣ ኮምቦልቻም ባዶ። በመሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ ተሻግሮ ያለ ቦታ ሩቅ ይመስለኝ ነበር። ሂሳባችንን ያተረፈችው ካሸሯ ናት። ስትወጣ የሂሳቡ ሌላ ኮፒ ያለባትን በእጅ የምትያዝ ዲስክ ከልጇ ልብስ ጋር ጠቅልላ ይዛት ኖሯል፣ አዲስ አበባ እህቷ ቤት እስክትደርስ ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደያዘችው ስጠይቃት «የእኔ ፊርማ ያለበት ነዋ» አለችኝ። አሁን በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ዲስክ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ በሚሄድ ዘመድ አዲስ አበባ ይላካል፣ ያለፈው ሳምንቱ ይመለሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉ ይሆናል። ይጩኻ!

እዚህ ጋ «ክላውድ ላይ አድርጉት»፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ አስቀምጡት የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አደርጋለሁ፣ ለኮፒ ጥሩ ነው። ግን በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ሥራውን ሁሉ ክላውድ ላይ ያደረገ አንድ ወዳጄ የገዛ ራሱን የዕቃ ዝርዝር ማየት አቅቶት በደብተር ሲሸጥ ከርሟል። ዋናው ማሽን እዚሁ ከሆነ ኔት ቢኖርም ባይኖርም ደረሰኝ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ሻጭ የማይነግራችሁን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ብርዱን አይተን «እዚህ ሰርቨር ምን ሊሞቀው» እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ሰርቨሩ ላይ የሚጻፈው የሙቀት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 35 ዲግሪ ነው፤ በመመሪያው ውስጥ፣ በትናንሽ ፊደል፣ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። አስሉት። ደሴ ላይ 35ቱ ወደ 30 ይወርዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 32 ገደማ ላይ ትቀራለች፤ ግን ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ባለ መጋዘን ቢሮ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ 32 ምን አላት? ለዚህ ነው ሐጂ «ሰርቨሩን ኮምቦልቻ እናድርገው፣ መጋዘኑ ሰፊ ነው» ሲሉ እምቢ ያልኩት። በስንት ዓመት አንዴ ነው እምቢ የምላቸው።

ደሴም ብትሆን መስኮት ከፍቶ ማቀዝቀዝ አይሠራም። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቢሮ ውስጥ ይገባል፤ ወረቀታችን እንኳ ይለሰልሳል። በጋ ላይ ደግሞ አቧራው። እኔ ያደረግኩት ይህ ነው። ክፍሏ ትንሽ ናት፣ በሯ ላይ ከታች አየር መግቢያ ከላይ ትንሽ ማውጫ ፋን አለ፣ መግቢያው ላይ ስፖንጅ መሰል ማጣሪያ ተደርጓል፣ በወር አንዴ በውሃ ይታጠባል። ሰርቨር አየሩን ከፊት ስቦ በኋላ ነው የሚተፋው፤ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ካስደገፋችሁት የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስበዋል። እስካሁን የሚስበው አየር ሙቀት ከ27 አልፎ አላየሁም፣ የሚመከረውም ከ18 እስከ 27 ነው።

«በየት አየህ?» ካላችሁኝ፣ ወደምወደው ነገር አደረሳችሁኝ። በእነዚህ ሰርቨሮች ውስጥ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ዴሎቹ አይድራክ ይሉታል፣ ኤችፒዎቹ አይሎ። የራሱ የኔትወርክ ቀዳዳ አለው። ዋናው ማሽን ጠፍቶ እንኳ፣ ገመዱ ኃይል እስካገኘ ድረስ፣ ይህ ትንሹ ነቅቶ ይጠብቃል። ሙቀቱን ይነግርሃል፣ የትኛው ፋን እንደደከመ ይነግርሃል፣ ከሩቅ ታጠፋዋለህ፣ ታስነሳዋለህ፣ ስክሪኑን ፊቱ የተቀመጥክ ያህል ታያለህ። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ኮምቦልቻ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ደሴ ሰርቨሩ ቀጥ አለ። ዝናብ ነው፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ አንድ ክንድ አያሳይም ይላሉ ከዚያ የመጡ ሾፌሮች። ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ውስጥ ባለ የተቆለፈ መንገድ፣ ገባሁ፣ ስክሪኑን አየሁት፣ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ አጥፍቼ አስነሳሁት። ሻይዬ አልቀዘቀዘም። ድሮ ቢሆን ያን መንገድ በሌሊት ወጥቼ፣ የቢሮ ቁልፍ የያዘውን ዘበኛ ቀስቅሼ፣ አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ልመለስ ነበር።

ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ነገር ፈቃድ አለው። ስክሪኑን ከሩቅ ማየት የሚያስችለው ከፍ ያለው ፈቃድ ነው፣ ያለሱ ጥቅሙ በአብዛኛው ማብራት፣ ማጥፋትና ሙቀቱን የመሰለ ነገር ማየት ይሆናል። ሻጩን «ፈቃዱ አለ ወይ?» ብላችሁ ፊታችሁ አስከፍታችሁ እዩ። ደግሞ በምንም ዓይነት በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አታውጡት፣ ከፋብሪካ የመጣውንም የይለፍ ቃል ቀይሩ። ይህን ካላደረጋችሁ የቤታችሁን ቁልፍ በር ላይ ሰክታችሁ ተኝታችኋል ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩስ? አዎ፣ እሱም አለ። አሥራ ሁለት ሰው ሂሳብ የሚሠራበት ቤት፣ ፕሮግራሙ ፒችትሪም ይሁን ሌላ፣ አንድ ፕሮሰሰር ይበቃዋል። ራሙ ኢሲሲ የሚባለው ይሁን፣ ትንንሽ ስህተትን በራሱ የሚያርመው፤ የሰርቨር ራም እንዲህ ነው። 64 ጊጋ አድርገናል፣ ግማሹም አልተነካም። ኮር ማብዛት ደግሞ ሌላ ወጪ ይጎትታል፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ የሚቆጠረው በኮር ነው፣ ትንሹ ለ16 ኮር፣ ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ማሽን ገዝታችሁ አንዱን ብቻ ካስገባችሁ ከራም ቦታው ግማሹ እንደማይሠራም እወቁ። ባገለገሉት ላይ ተጭኖ የሚመጣውን ዊንዶውስም እዩ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 የሚባለው ከሆነ ድጋፉ በፈረንጆቹ 2023 ጥቅምት ላይ ቆሟል።

የሚያስቀው ነገር አለ ብዬ ነበር። ሰርቨሩ በአይሱዙ ተጭኖ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ በሰላም መጣ። ዲስኮቹን ለብቻ አውጥቼ እቅፌ ላይ ነው ያመጣኋቸው። ሐጂ ደግሞ ሊያስደስቱኝ ፈልገው ቀድመው ካቢኔ ገዝተው ግድግዳ ላይ አሰቅለዋል፤ ከፊቱ መስታወት ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ የሚያምር። በሁለት ሰው አንስተን ሰርቨሩን ገፋነው። ግማሽ ላይ ቆመ። ካቢኔው 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፣ የኔትወርክ ገመድ ለሚያገናኘው ለትንሹ ስዊች የሚሆነው ዓይነት ነው። ሰርቨሩ 70 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። እግሩ ከአልጋ እንደተረፈ እንግዳ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ አሁንም አልገባም። ገመዱም አልሆነም፤ ከሳጥኑ የወጣው አንዱ ጫፉ ሰርቨሩ ላይ፣ ሌላው ዩፒኤስ ጀርባ ላይ እንጂ ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ አይደለም። ያን ዕለት ሰርቨሩ ምንጣፍ ላይ አደረ።

በኋላ መሬት ላይ የሚቆም፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ተገዛ፣ ከእነ ሐዲዱ። ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሰርቨር ስትጽፉ ሜትር ይዛችሁ ጻፉ።

የግድግዳው ካቢኔ እስካሁን እንደተሰቀለ ነው። እህታችን ስኒዎቿን አስገብታበታለች፣ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። የሚፈልግ አንባቢ ካለ ሐጂ በገዙበት እሸጠዋለሁ ይላሉ፣ መጀመሪያ ግን ከእሷ ጋር ይስማማ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጅምላ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ
ደሴ